የእትየ መዲና የሳንዱች ብረት

አምና ነሐሴ ላይ አባቴን ልጠይቅ መካነ ሰላም ስገባ ዝናቡ ቀድሞኝ ገብቶ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ ሻንጣዬን ከጭቃ ለማትረፍ ስታገል የተጠበሰ ዳቦ ሸተተኝ። የዳቦ ቤት ሽታ አይደለም። ዘይት የጠጣ ዳቦ ትኩስ ብረት ሲነካው፣ ከጎኑም ፍም ላይ የዝናብ ጠብታ ሲያርፍ የሚወጣ ሽታ ነው። ሌላ ቦታ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከመናኸሪያው ማዶ ካለችው የቆርቆሮ ቤት ደጃፍ አንድ ጎልማሳ ጋቢውን ወደ ትከሻው መልሶ፣ በረጅም የብረት እጀታ ላይ ክብደቱን ጥሎ ቆሟል። ወፍጮ ቤት እህሉን እንደሚጠብቅ ሰው ኮስተር ብሏል። የሚበላውን ሳንዱች ራሱ እየተጫነ ነው። ከኋላው ተማሪዎች ተራቸውን ይጠብቃሉ። በየትኛውም ከተማ ደንበኛ ምግቡን ራሱ ሲጫን አላየሁም፤ እዚህ ግን ደንብ ነው። ደንቡ የወጣበትን ክረምት አስታውሰዋለሁ። አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት፣ እትየ መዲና ከቤሩት የተመለሰችበት ክረምት ነበር።

እትየ መዲና የአባቴ ታናሽ እህት ናት። እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሄደች እስክትመለስ ድረስ የማውቃት በስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። አያቴ በሕይወት ሳለች እትየ መዲና ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። አባቴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መደቡ ላይ ያስቀምጠዋል፤ እኛ ዙሪያውን እንከባለን።

«ሥራ እንዴት ነው ልጀ?» ትላለች አያቴ፣ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ።

«አልሐምዱሊላህ እማየ። ሳንዱች ቤት ነኝ። ዳቦውን እንከፍትና ውስጡን እንሞላለን፤ ከዚያ በሁለት ትኩስ ብረት መሀል አድርገን እንጫነዋለን። ሲወጣ መስመር መስመር አለው።»

«መስመሩ ለምኑ ነው?»

«ለውበት ነው እማየ።»

አያቴ ይህን ጥያቄ በየጊዜው ትጠይቃለች፤ መልሱን በየጊዜው ትሰማለች፤ ሁልጊዜም ደስ ይላት ነበር። ጎረቤት ሲመጣ «ልጄ ዳቦ ላይ መስመር ታወጣለች» ትላለች። እኔም በበኩሌ የቁርሴን ዳቦ ከፍቼ ሽሮ እቀባና የአማርኛ መጽሐፌን ከላይ አድርጌ እቀመጥበት ነበር። መስመር አልወጣለትም። መጽሐፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ሽሮ ሸተተ፤ አስተማሪዬ ሲያርሙት ከፊታቸው ራቅ አድርገው ይይዙት ነበር።

አያቴ ሞተች። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ እትየ መዲና በአንድ ሻንጣ መጣች። እኔ የጠበቅኳት ወፈር ያለች፣ ወርቅ ያደረገች፣ ዘይት ዘይት የምትሸት ሴት ነበር። የመጣችው ቀጭን ናት። የእኔ አልጋ ላይ አብረን እንድንተኛ ተደረገ፤ እግሯ እንደ ሌሊት ውሃ ይቀዘቅዛል። ሰው በገባ ቁጥር ከተቀመጠችበት ብድግ ትላለች። አባቴ ሲገባ ብድግ፣ የጎረቤት ልጅ ሲገባ ብድግ፣ እኔ ከሽንት ቤት ስመለስ እንኳ ብድግ። የሠለጠነ አገር ጨዋነት መሰለኝና እኔም ለሰው ሁሉ ብድግ ማለት ጀመርኩ። እናቴ «ምን ነካቸው እነዚህ ልጆች፣ እንደ ፌንጣ!» አለች። እትየ መዲና አልሳቀችም።

አባቴ ስንዴና ባቄላ እየገዛ ወደ ደሴ የሚጭን ነጋዴ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ደህና ሥራ ላይ የነበረ ሰው ሥራውን ትቶ ለምን እንደሚመጣ ግን አይገባውም። ወደ ቤሩት የላካት ደላላ ደግሞ ገና ከመምጣቷ በስልክ ይወተውት ጀመር፤ እዚያው ቤሩት ሌላ ቪዛ አለ ይላል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ነገሩን አነሳው። «መዲና፣ መቼ ነው እንግዲህ የምትመለሽው? እንዲያ ያለ ሥራ እኮ ሰው አይጠብቅልሽም።»

እትየ መዲና ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አላነሳችም። «እዚሁ ሳንዱች ልሽጥ አያ። ተማሪ አለ፣ ሹፌር አለ። እንደዚያ ያለ ብረት ካሠራሁ ይበቃኛል።»

አባቴ አሰበ። ሲያስብ የሚገዛውን እህል በመዳፉ እንደያዘ ሰው ጣቶቹን ያሻሻል። «መርሐባ» አለ በመጨረሻ። «ነሐሴ እስኪያልቅ ሞክሪ። ከሆነ ሆነ። ካልሆነ ግን ወደ ለመድሽው ሥራ ትመለሻለሽ። ቃልሽን ስጭኝ።»

«ኢንሻአላህ» አለች።

እኔ ነሐሴ እንዳያልቅ ዱዓ አደረግሁ። እግሯን ለምጄው ነበር፤ እንድትሄድብኝ አልፈለግሁም። ጉዳዩ ሁሉ በአንድ ብረት ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ደግሞ ለእኔ ቀላል ነገር መሰለኝ፤ በዚያ ሥራ ዓመታት የቆየች ሰው ብረቱን እንዴት አታውቀውም?

መጀመሪያ የሞከረችው በድንጋይ ነው። ከወንዝ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ አመጣን፤ እኔ ትንሹን ተሸከምኩ። እሳት ውስጥ ጨመረቻቸው። ትንሽ እንደቆየ ትልቁ ድንጋይ ጧ ብሎ ፈነዳ፤ ፍንጣሪው የእናቴን እንስራ አገኘው። እናቴ ከጓዳ ወጥታ እንስራዋን አየች፣ እትየ መዲናን አየች፣ «ቤሩት እንዲህ ነው እንዴ የሚሠራው?» አለች። የወንዝ ድንጋይ ውስጡ ውሃ እንደሚይዝ አገሬው ሁሉ ያውቃል፤ እትየ መዲና ረስታዋለች ወይም ቸኩላለች።

ሁለተኛው ሙከራ የልብስ ሰፊው የከሰል ካውያ ነበር። ሰውየው መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚያወጣው ከባድ አሮጌ ካውያ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ፍም ይሞላል። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ብረቱ ይከብዳል፣ ይግላል። እትየ መዲና ድንች ቀቅላ፣ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር ደቁሳ ዳቦ ውስጥ ሞላች፤ ካውያውን አሳረፈችበት። ዳቦው በአንድ በኩል ሹል፣ በሌላው በኩል ሰፊ ሆኖ ወጣ። በካውያው ቀዳዳ አመድ ረግፎበታል፤ ሲነከስ የታጠበ ሸሚዝ ሸሚዝ ይላል። እኔ ግማሹን በላሁና ጥሩ ነው አልኳት። አባቴ የቀረውን ገልበጥ አድርጎ አየና መልሶ አስቀመጠው።

በሦስተኛው ወደ ጋሽ ታደሰ ሄድን።

ጋሽ ታደሰ ከመናኸሪያው ማዶ በር፣ መስኮትና የጋሪ ጎማ የሚበይዱ ሰው ናቸው። መብራት ሲኖር ይበይዳሉ፤ መብራት ሲሄድ ያወራሉ፤ በዚያ ክረምት ብዙ አወሩ። ግቢያቸው ውስጥ ጎማ የሌላት አሮጌ የጭነት መኪና ቆማለች። ከመንገዱ ወዲያ ደግሞ ያኔ አዲስ የነበረ ባለ አንድ ፎቅ ሆቴል አለ። ከሰገነቱ ላይ አንዲት ልጅ አንሶላ ታሰጣለች፣ ታነሳለች፣ ዝናብ ሲመጣ ትሰበስባለች። በመሀሉ ክርኗን የሰገነቱ አጥር ብረት ላይ አስደግፋ እኛን ታያለች።

ጋሽ ታደሰ ወፍራም ላሜራ ሁለት ቦታ ቆረጡ። ከትምህርት ቤቱ ግንባታ የተረፈ ፌሮ አምጥተው መስመር እንዲያወጣ በውስጥ በኩል ደረደሩበት። የበር ማጠፊያ በየዱለት፤ የሚረዝም እጀታ አደረጉለት። ጥሩ ሥራ ነበር። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ይህ ነው?» አሏት።

እትየ መዲና ሲጠብቋት ቀሚሷን ሰብስባ የጭነት መኪናዋ ላይ ወጣች። ከዚያ ሆና ቁልቁል ብረቱን አየችው። ጭንቅላቷን ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝ አዘነበለች።

«እጀታው ወደዚህኛው እጅ ነው» አለች ከላይ። «ሲዘጋው እንዲህ ያደርጋል።» በእጇ አየሩን ወደ ታች ተጫነችው።

«ውረጅና አሳይኝ እንጅ እቴ፣ ትወድቂያለሽ።»

«ከዚህ ነው የሚታየኝ።»

ልብስ ሰፊው ሸሚዝ ሰቅሎ ራቅ ብሎ እንደሚያየው የሙያ ነገር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እኔም የሠራሁትን ሁሉ፣ የጻፍኩትን ደብተር እንኳ ሳይቀር፣ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር የማየው።

ጋሽ ታደሰ ግን ሌላ ጥያቄ ነበራቸው። «ላዩስ እሺ። ታቹስ? እሳቱ ከየት ነው የሚመጣው? ጋዝ ነው ወይስ መብራት?»

«ያው ነው» አለች እትየ መዲና።

«ያው ማለት?»

«ያው እንደ ላዩ።»

«እንዴ፣ በእጅሽ ስትሠሪበት የኖርሽው አይደለም? እሳቱን ማን ነበር የሚያነደው?»

ከመኪናዋ ወረደችና የቀሚሷን ጭቃ ማራገፍ ጀመረች። ጋሽ ታደሰም ሰው የማያስጨንቁ ስለነበሩ «አብሽሪ፣ ይገኝለታል» ብለው ተውት።

ስንወጣ ወደ ሰገነቱ አየሁና በልጅቷ ላይ ምላሴን አወጣሁ። «ሁልጊዜ ታየናለች። ሥራ የላትም እንዴ?» አልኩ።

«ሥራ ስላላት ነው የምታየው» አለች እትየ መዲና። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም፤ አልጠየቅኩም።

ብረቱን በከሰል ምድጃ ላይ ጥደን በገበያ ቀን ወጣን። እሳቱ ከሥር ብቻ ስለሆነ የዳቦው ታች ያርራል፣ ላዩ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ብትገለብጠው ድንቹ ይዘረገፋል። ቢሆንም ሽታው ሰው ሰበሰበ። የመጀመሪያው ደንበኛችን ከወግዲ መንገድ በጠዋት የተነሱ፣ በግ ሸጠው የጨረሱ አባት ነበሩ። ዳቦውን ራሳቸው መረጡ፤ ከሁሉም ያበጠውን። እትየ መዲና ሞላችው፣ ከደነችው፣ በሁለት እጇ ተጫነችው፤ ከፈተችና በወረቀት ሰጠቻቸው።

ሰውየው ወረቀቱን አዩት። ወደ ብረቱ አዩ። እንደገና ወረቀቱን አዩት።

«የእኔስ የታል?»

«እሱ ነው አባባ።»

«ይህማ ቂጣ ነው። እኔ የሰጠሁሽ ይህን የሚያክል ዳቦ አይደለም?» በእጃቸው የዳቦውን ቁመት አሳዩ፤ ትንሽም ጨመሩበት።

«ተጭኖ እኮ ነው። እንዲህ ነው የሚበላው፤ ወላሂ ምንም አልጎደለም።»

«ዓይኔ እያየ! ግማሹን አሳንሰሽ አልጎደለም ትይኛለሽ?»

ሰው ከበበ። አንዱ ብረቱን ከፍቶ የቀረው ግማሽ ውስጡ ተጣብቆ እንደሆን ፈለገ። አንዷ «አየሩን ነው ያወጣችው» ብላ ልታስረዳ ሞከረች፤ «አየሩንም የገዛሁት እኔ ነኝ!» አሉ ሰውየው። ገበያው ሳቀ። አባቴ ከእህል መሸጫው ድረስ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ሁለት ያልተነካ ዳቦ ገዝቶ ለሰውየው በእጃቸው ሰጣቸውና ይቅርታ ጠየቀ። እሳቸውም አንድ ሙሉ ዳቦ ብብታቸው ሥር ይዘው፣ ሌላውን እየገመጡ፣ ፍርድ እንዳገኘ ሰው ሄዱ።

ብረቱን እስኪበርድ ጠብቀን ተሸክመን ገባን። እትየ መዲና በዚያ ቀን ሰው ሲገባም ብድግ አላለችም።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። እትየ መዲና ብረቱን እያመላለሰች ለጋሽ ታደሰ ታሳያቸዋለች። እሳቸው ይቀጠቅጣሉ፣ ይፈታሉ፣ ይበይዳሉ፤ እሷ መኪናዋ ላይ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ላዩ ስልክ ላይ የነገረችንን ዓይነት ሆኗል። ታቹን ግን ማንም አያውቀውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባቴ ጃንጥላ ይዞ ወደ ጋሽ ታደሰ ቤት ገባ። ከጣራው ሥር ከገባም በኋላ ጃንጥላውን አልዘጋውም።

«ደላላው ደውሏል» አለ። «ሰኞ ለምርመራ ደሴ መውረድ አለብሽ። ታደሰ፣ አንተም ደክመሃል፣ ይብቃ።»

«ነሐሴ አላለቀም» አለች እትየ መዲና።

«መዲና፣ እኔ ልጎዳሽ ነው እንዴ? እዚያ እውነተኛው ማሽን አለልሽ፤ ጥሩ አሠሪ አለሽ። እናታችን እስክትሞት በአንቺ ሥራ ስትኮራ ነው የኖረችው። እዚህ ዝናብ ላይ ቆመሽ በዳቦ ከሰው ጋር ከምትጣይ ወደ ሥራሽ ተመለሽ። ለራስሽ ነው የምልሽ።»

ጋሽ ታደሰ መዶሻቸውን አስቀመጡ። እትየ መዲና ከብረቱ አጠገብ ቆማ እጀታውን ይዛለች።

«አያ፣ ማሽኑን ነክቼው አላውቅም» አለች።

«የቱን?»

«የቤሩቱን። ሳንዱች ቤት ሠርቼ አላውቅም። የሰው ቤት ነው የነበርኩት፤ አራተኛ ፎቅ። ልብስ ሳሰጣ ከመንገዱ ማዶ ሳንዱች ቤቱ ይታየኛል። ማሽኑ መስኮቱ ጋ ነው፤ የሰውየው እጅ ይታያል፣ እጀታው ይታያል። ዳቦው ሲወጣ መስመሩ ይታያል። እማየ ሥራሽ ምንድን ነው ስትለኝ ያን ሰዓት ዓይኔ ያረፈበትን ነገርኳት። ደስ አላት። ከዚያ በየሳምንቱ ጠየቀችኝ።»

 

«ታቹን አላየሁትም» አለች እትየ መዲና፣ አሁን ለጋሽ ታደሰ። «ከላይ ታቹ አይታይም።»

«አንድ ቀን እንኳ ወርደሽ አልገዛሽም?» አለ አባቴ። ድምፁ የእሱ አይመስልም ነበር።

«አያ፣ በሩ እኮ ከውጭ ነው የሚቆለፈው።»

እኔ የተረዳሁት ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንዱች በልታ አታውቅም። ይህ በዓለም ላይ ከሁሉ የሚያሳዝን ነገር መሰለኝና አለቀስኩ። ጋሽ ታደሰ በጥቁር ቅባት የቆሸሸ ጨርቅ ሰጡኝ፤ ፊቴን ጠረግሁበት፤ ማንም አልሳቀብኝም።

አባቴ ጃንጥላውን ዘጋው። ዘግቶም እስኪጨርስ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«ለደላላው እኔ እነግረዋለሁ» አለ። ከዚያ ወደ እሷ ሳያይ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ከፈተው፣ ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። እህል ሲፈትሽ እንደሚያደርገው ላሜራውን በጣቱ ዳሰሰው።

«እሺ ታደሰ» አለ፣ «ታቹን ያየ ሰው ከሌለ እኛ እንደምናውቀው እናድርገዋ። ዘይነባ ድፎ ስትጋግር ከላይም እሳት ታደርግበት የለ?» ዘይነባ እናቴ ናት። አባቴ በሴት ሥራ ሐሳብ በመስጠቱ ትንሽ አፍሮ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ዓይናቸው በራ። ከላይኛው ላሜራ ዙሪያ ፍም የሚይዝ ጠርዝ በየዱለት፤ ከኋላው ፍሙ እንዳይንሸራተት ሌላ ብረት አቆሙ። መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋብን፤ ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብለን ጠበቅን። በዚያ ቀን ወሬ ያማረው ሰው አልነበረም። አባቴ ደግሞ በመሀል ድንገት ሌላ ነገር አለ፤ «መጫኑን ለገዢው ተይለት። እኔ እህል ስሰፍር ቁናውን ገዢው ራሱ ይነቅንቀው እላለሁ። በራሱ እጅ የጎደለን ማንም አይከስም።»

ያ ነው ደንቡ።

በነጋታው ፍም ከላይ፣ ፍም ከታች አድርገን ሞከርነው። የመጀመሪያውን አባቴ ተጫነው፤ ኮቱን አውልቆ፣ ጥርሱን ነክሶ። ሲከፈት ዳቦው በሁለቱም በኩል ቀይ ነው። መስመሩ ወጥቷል፤ የፌሮው ነቁጥ ሳይቀር ታትሞበታል። ጋሽ ታደሰ አጨበጨቡ። እኔ እጄን ዘረጋሁ። እትየ መዲና መኪናዋ ላይ አልወጣችም፤ አጠገቡ ካለው ዱካ ወንበር ላይ ተቀምጣ ከቅርብ አየችው።

ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ ለእኔ ሰጠችኝ። ልበላው አፌን ስከፍት «ለአንቺ አይደለም። ለላይዋ ልጅ ውሰጂላት» አለችኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ልጅቷ ሰገነቱ ላይ ክርኗን አስደግፋ ታየናለች።

«የመጀመሪያውን?»

«የመጀመሪያውን። ሳይቀዘቅዝ ሩጪ።»

በጣም ተናደድኩ። ክረምቱን ሙሉ ድንጋይ የተሸከምኩት፣ አመድ የበላሁት እኔ ነኝ፤ እሷ አንሶላ ይዛ ከማየት በቀር ምን ሠራች? ግን ሮጥኩ። የሆቴሉን ደረጃ ወጣሁ፤ ሰገነቱ እርጥብ ጨርቅ ይሸታል። ከቅርብ ስትታይ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ ልጅ ናት፤ እጇ በሳሙና ነጥቷል። ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«ከእትየ መዲና ነው።»

ወደ ታች አየች፣ ወደ እኔ አየች። «ቅቤ አለው? ጾም ነኝ።»

«የለውም። ድንች ነው፣ በዘይት።»

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዘጠኝ ሰዓት ማለፉን ከሆቴሉ ግድግዳ ላይ ካለው ሰዓት አየችና ገመጠች። ቆማ ነው የበላችው፣ ወደ ታች እያየች። እስክትጨርስ ጠበቅኳት፤ ትንሽ ታካፍለኝ እንደሆን ነበር። አላካፈለችኝም።

«ምን ልበላት?» አልኩ።

ትንሽ አሰበች። «እግዜር ይስጥልኝ በያት። ጨው ግን አንሶታል።»

ወርጄ፣ መንገዱን ተሻግሬ፣ እትየ መዲና ፊት ቆምኩ። እሷ ገና ቀና ብላ ወደ ሰገነቱ እያየች ነበር። የተባልኩትን ነገርኳት፤ የጨውን ነገር ጮክ ብዬ ነገርኳት፤ ልጅቷን እንድትቀየማት ነበር ሐሳቤ።

«ጨው አንሶታል አለች?»

«አዎ! ሁሉንም በልታ!»

እትየ መዲና ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየሁት የዚያን ቀን ነው፤ ከዱካው ላይ እስክትንሸራተት፣ ጋሽ ታደሰና አባቴ ግራ ተጋብተው እስኪያዩዋት ድረስ ሳቀች። ከዚያ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገችና ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣

«ስንቱን ዓመት ቁልቁል እያየሁ ስመኘው የኖርኩት» አለች፣ «እሱም እኮ ጨው አንሶት ይሆናል።»

የጨውን ጣሳ ከፈተች፤ ሁለተኛውን ዳቦ ሰንጥቃ ሞላችና ጨው ነሰነሰችበት።

«ይኸ የእኔ ነው» አለች። አባቴ እጀታውን ሊይዝላት ተነሳ፤ በእጇ መለስ አደረገችው፣ ቆመችና ራሷ ተጫነችው።